ጓንቱ ውስጥ የነበረው ወርቅ

ሥነ ጽሑፍ ለብዙ ሙያዎች ቤት ሠርቷል። ወታደሩ፣ ሐኪሙ፣ መምህሩ፣ ሽፍታው ሳይቀር የየራሱ ልቦለድ አለው። እኔ ከሃያ ዓመታት በላይ እንጀራዬን ያገኘሁበት የግዢ ሥራ ግን በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ዘመዱ ጥቂት ነው። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ስንት ጎማ፣ ስንት ቶን ብረት፣ ስንት ደስጣ ወረቀት ከማን በምን ዋጋ እንደሚገዛ የሚወስን ሰው ምን ገድል ይኖረዋል? ጠዋት ፕሮፎርማ ያነጻጽራል፤ ከሰዓት የጨረታ ሣጥን ሲከፈት ይቀመጣል፤ ማታ ደግሞ መልኩን ከማያስታውሰው አቅራቢ የእንኳን አደረሰህ ስልክ ይደወልለታል።

ይሁንና ከዓለም ታላላቅ የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊዎች አንዱ የግዢ ሹም ነበር። የሚበዛው አንባቢ ሳሙኤል ፒፕስን የሚያውቀው በ1665 ሎንዶንን የፈጀውን ወረርሽኝና በ1666 ከተማዋን ያነደደውን ቃጠሎ በዓይኑ አይቶ በመጻፉ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ቲያትሩና ስለ ሙዚቃው፣ ወይም ከሚስቱ ጋር ስለሚጣላበት ነገር ብሎ የሚያነበውም አለ። እኔ የማነበው ለገመዱና ለግንዱ ነው። አንባቢ ይታገሠኝ፤ በገመድና በግንድም የሰው ልብ ይታያል።

ፒፕስ በ1633 ሎንዶን ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ ተወለደ፤ ካምብሪጅ ገብቶ ተማረ። በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከስደት ሲመለስ፣ ንጉሡን በመርከብ ያመጣው ኤድዋርድ ሞንታጉ የሥጋ ዘመዱ ነበርና፣ የባሕር ኃይል ቦርድ ጸሐፊነትን ሹመት አስገኘለት። ደመወዙ በዓመት 350 ፓውንድ ነበር። «ጸሐፊ» የሚለው ስም አያታልለን። ቦርዱ የንጉሡን መርከቦች የሚያሠራ፣ የሚጠግን፣ የሚያስታጥቅ መሥሪያ ቤት ነው፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከባሕር ኃይሉ የሚበልጥ ገዢ አልነበረም። ከኖርዌይና ከስዊድን ጥድ፣ ከባልቲክ ወደቦች የገመድ ቃጫና ቅጥራን፣ ከአገር ቤት ደን የኦክ ግንድ፣ ከዚያም ሸራው፣ ብረቱ፣ ምስማሩ፣ ባንዲራው፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ያልፋል።

ሹመቱ በተሰጠው በሁለተኛው ወር አንድ ሰው 1,000 ፓውንድ ከፍሎ ሊረከበው ጠየቀው። የሦስት ዓመት ያህል ደመወዝ ነውና አፉ ምራቅ ሞላ፤ ሆኖም አልሸጠውም። በዚያው ሰሞን ሞንታጉ መከረው፤ ሰውን የሚያበለጽገው የቦታው ደመወዝ ሳይሆን ቦታው ላይ እስካለ ድረስ የሚያጋጥመው ገንዘብ የማግኘት ዕድል መሆኑን ነገረው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር በጆሮዬ የሚያስተጋባው እንግሊዝኛ አይደለም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የእኛው ተረት ነው።

ነገር ግን ፒፕስ እዚህ ላይ ከተለመደው የሹመኛ መንገድ ይወጣል። በጁላይ 1662 ይህ የሃያ ዘጠኝ ዓመት የካምብሪጅ ምሩቅ፣ ኩፐር ከሚባል የመርከብ ሰው ጋር ተቀምጦ የማባዛት ሠንጠረዥ ያጠና ጀመር። የዘመኑ ትምህርት ላቲን እንጂ ስሌት አላስተማረውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሣ ቁጥሩን በቃሉ ይወጣል። ለምን ቢሉ፣ ግንድ የሚሸጠው በልኬት ነው፤ ልኬት ማስላት የማይችል ገዢ ደግሞ የሻጩን ቃል ይገዛል እንጂ ግንድ አይገዛም። በማግሥቱ ወር አንቶኒ ዲን የሚባል የመርከብ ሠሪ በፈረስ ወደ ዋልተም ደን ይዞት ሄደ። የንጉሡ ዛፎች ሲጠረቡ እያሳየ ዋናውን ማታለያ ገለጠለት። በሚገባ አራት ማዕዘን ሆኖ ያልተጠረበ ግንድ ማዕዘኑ ሙሉ እንደ ሆነ ተቆጥሮ ይለካል፤ ንጉሡም ላልነበረ እንጨት፣ ለአየር፣ ይከፍላል።

ከዚያ ደግሞ ገመዱ አለ። ፒፕስ ዉልዊች ወዳለው የገመድ መሥሪያ እየሄደ የየአገሩን ቃጫ ጥንካሬ ያስፈትን ነበር። ከሆላንድ የመጣውን ፈትል ሲመረምሩት ላይ ላዩ አዲስ ቃጫ፣ ውስጡ ቅጥራን የጠጣ አሮጌ ብስባሽ ሆኖ ተገኘ። ይህችን ገጽ ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ። ላዩ ጥሩ፣ ሥሩ ብልሹ ሆኖ የተደረደረ ካርቶን ገጥሞት የማያውቅ የግዢ ሠራተኛ የት ይገኛል? ናሙናው ሁልጊዜ ያማረ ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት ገቢ ከመደረጉ በፊት ከመካከል ያለው ሣጥን ይከፈት የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበር። የላይኛውም አይደለም፣ የታችኛውም አይደለም፤ ሻጩ ሁለቱን አስቀድሞ ያስባቸዋልና።

ባልደረቦቹ ይህን ትጋት አልወደዱለትም። የመርከቦች ተቆጣጣሪው ሰር ዊልያም ባተን የሚደግፈው የእንጨት ነጋዴ ነበረው፤ ፒፕስ የዚያን ነጋዴ ምሰሶዎች ይነቅፋል፤ በቦርዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ቃላት ይወራወራሉ። ፒፕስ በበኩሉ ሰር ዊልያም ዋረንን አገኘ። ዋረን በስካንዲናቪያ እንጨት የሚነግድ ብልህ ሰው ነው። ስለ እንጨት ገበያ ያላወቀውን አሳወቀው፤ ከአስተማሪነት ወደ ወዳጅነት፣ ከወዳጅነት ወደ ሌላ ነገር ተሻገሩ። በሴፕቴምበር 1663 ቦርዱ ከዋረን ጋር የ3,000 ፓውንድ የምሰሶ ውል ገባ። በ1664 መጀመሪያ ዋረን ለሚስትህ ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ጓንት ሰጠው። ጥቅሉ ጠንከር እንዳለ በእጁ ተሰማው፤ እዚያው አልፈታውም። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን ከክፍሉ የሚያስወጣበት ዘዴ ጠፍቶት ተጨነቀ። በመጨረሻ ሲፈታው ከጓንቱ ጋር አርባ የወርቅ ሳንቲም አገኘ፤ ከደስታው የተነሣ ምሳ አልበላ አለው። በጁላይ 1664 ቦርዱ ከዚሁ ነጋዴ ጋር የ1,000 የጎተንበርግ ምሰሶዎች ውል ተዋዋለ፤ ባሕር ኃይሉ እስከዚያ ከገባቸው ውሎች ሁሉ ትልቁ መሆኑን ፒፕስ ራሱ በኩራት መዝግቧል።

ከጓንቱ ይልቅ እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን በኤፕሪል 1663 የደረሰው ነገር ነው። ለታንጂር ጭነት መርከቦች ሲከራዩ ግሮቭ የሚባል ካፒቴን አንድ ደብዳቤ ሰጠው። ፒፕስ ውስጡ ገንዘብ እንዳለ አውቋል። ቢሮው ገብቶ ደብዳቤውን ሲከፍት ወደ ውስጥ አላየም፤ ገንዘቡ ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። አንድ የወርቅ ሳንቲምና 4 ፓውንድ ብር ነበር። እንዲህ ያደረገበትንም ምክንያት በገዛ እጁ ጻፈ፤ ምናልባት አንድ ቀን ቢጠየቅ፣ በወረቀቱ ውስጥ ገንዘብ አላየሁም ብሎ ሳይዋሽ እንዲመልስ ነው።

በቋንቋችን የስጦታ ስሙ ብዙ ነው። እጅ መንሻ ለታላቅ ሰው በአደባባይ ይቀርባል፤ ገጸ በረከት ክብር አለው፤ መማለጃ ፍርድ ያጣምማል፤ ጉቦ ጨለማ ይወዳል። በፒፕስ አገርም ያን ጊዜ ድንበሩ የደበዘዘ ነበር፤ የባለጉዳይ ምስጋና ከደመወዙ ጎን የሚቆም ገቢ ሆኖ ይታሰብ ነበር። ስለዚህ በዛሬ ሕግ ይሰቀል አልልም። ነገር ግን ዓይኑን አዙሮ ፖስታ ያራገፈ ሰው ድንበሩ የት እንደሆነ አያውቅም ነበር ሊባል አይችልም። በእኛ ዘመን ጓንቱ የፋሲካ በግ ሆኖ ይመጣል፤ ዘበኛው «አንድ ሰው ለጋሼ ብሎ አስሮት ሄደ» ይላል። በግ ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ጎረቤት ይሰማል። ወርቅ በዚህ ይሻላል።

ፒፕስ መከላከያ ነበረው፤ ለራሱም ደጋግሞ ይነግረው ነበር። ውሉ ንጉሡን የሚጠቅም ከሆነ፣ ነጋዴውም ከገዛ ትርፉ ቢያመሰግነኝ፣ ማን ተጎዳ? ይህን ክርክር በሥራ ዘመኔ በልዩ ልዩ ድምፅ ሰምቼዋለሁ፤ «ዋጋው እኮ ትንሹ ነው!» ይባላል። አልቀበለውም። ምክንያቴም የግብረ ገብ ብቻ አይደለም፣ የሙያ ነው። የባተንን ነጋዴ ምሰሶ የነቀፈ ዓይን፣ የሆላንድን ፈትል ያስፈታ እጅ፣ ከጓንቱ በኋላ የዋረንን ጭነት በዚያው ጭካኔ ይመረምር ነበርን? ስጦታ የሚያስከፍለው ዋጋ በውሉ ላይ አይጻፍም። ያለው ሳይጠየቅ በቀረው ጥያቄ፣ ሳይከፈት ባለፈው ሣጥን፣ ሳይጠራ በቀረው ሦስተኛ ነጋዴ ዘንድ ነው፤ ያልተደረገን ነገር ደግሞ ኦዲተር አያገኘውም።

ስለ ስጦታ ብቻ ባወራ ግን ሰውዬውን እበድለዋለሁ። የግዢ ሹም ትልቁ መከራ ባዶ ካዝና ነው። በ1665 ከሆላንድ ጋር ጦርነት ተከፈተ፤ ፓርላማ የፈቀደው ገንዘብ አልበቃም። ክፍያው መቼ እንደሚደርሰው የማያውቅ ነጋዴ የመዘግየቱን ዋጋ አስቀድሞ በዕቃው ላይ ይጭናል፤ በዚህ ምክንያት ገንዘብ የሌለው ገዢ ካለው ይልቅ በውድ ይገዛል። ፒፕስ ይህን ለበላዮቹ ሳይታክት ጻፈ። መርከበኞች በደመወዝ ፋንታ ቲኬት የሚባል የዕዳ ወረቀት ይታደላቸው ነበር፤ የራባቸውም ወረቀቱን ከዋጋው በታች ይሸጡታል። በ1667 ገንዘብ በመጥፋቱ ትልልቆቹ መርከቦች ወደብ ላይ ታስረው እንዲቀሩ ተደረገ። በጁን ሆላንዶች የሜድዌይን ወንዝ ሽቅብ ወጥተው በቻተም ያገኙትን አቃጠሉ፤ ንጉሡን ከስደት ያመጣችውን «ሮያል ቻርልስ»ንም ጎትተው ወሰዱ። በጠላት መርከቦች ላይ እንግሊዝኛ ሲነገር ተሰምቷል የሚል ወሬ ለፒፕስ ደረሰው፤ ደመወዛቸውን የተነፈጉ የአገሩ መርከበኞች ነበሩ።

ፒፕስ ያን ዕለት ሚስቱንና አባቱን 1,300 ፓውንድ ያህል ወርቅ አስይዞ ወደ ብራምተን ገጠር ሰደዳቸው። በ1660 ጠቅላላ ሀብቱ ወደ 100 ፓውንድ ነበር፤ በ1666 መጨረሻ ከ6,200 ፓውንድ አልፏል። ወርቁን ጓሮ ቀበሩት፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ እሑድ፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሳለ። ኦክቶበር ላይ ፒፕስ ራሱ ሄዶ በሌሊት በፋኖስ ያስቆፍር ጀመር። ከረጢቶቹ በስብሰው ሳንቲሙ ከጭቃ ጋር ተደባልቋል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ዋና ገዢ ጭቃ በወንፊት እያጠበ ወርቁን ሲቆጥር ያሳለፈው ሌሊት፣ ከየትኛውም የምርመራ ሪፖርት ይልቅ ዘመኑን ይነግረኛል።

ፓርላማ ተጠያቂ ፈለገ። ማርች 5 ቀን 1668 ፒፕስ የቦርዱን ሥራ ሊከላከል ከምክር ቤቱ ፊት ቆመ። ድፍረት እንዲሆነው የሞቀ ወይን ጠጅ ጠጣ፤ ብራንዲም ጨመረበት። ከሦስት ሰዓት በላይ ተናገረ። ውሉን፣ ክፍያውን፣ ቲኬቱን አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ መዝገብ የያዘው እሱ ብቻ ነበርና የሚሞግተው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ሲያመሰግነው ሰነበተ። ስለ ጓንቱ አልተናገረም።

ዓይኑ የሚጠፋ መስሎት ማስታወሻውን ሜይ 31 ቀን 1669 አቆመ። በሹመት ግን ከፍ አለ። በ1673 የባሕር ኃይል ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ በ1677 የመርከብ መኮንን ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ ፈተና እንዲያልፍ አስደነገገ፤ በ1679 ታወር እስር ቤት ገባ፤ ተፈታ፤ ተመልሶ ተሾመ። በ1703 ሲሞት 3,000 ያህል መጻሕፍቱ ኋላ ለካምብሪጁ ሞድሊን ኮሌጅ እንዲሰጡ ተናዝዞ ነበር። ከመጻሕፍቱ መካከል ስድስቱ የማስታወሻው ጥራዞች ነበሩ። ሊያቃጥላቸው ይችል ነበር። እሱ ግን አስጠርዞ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ከሌሎቹ ጋር ደረደራቸው። ማንም ያላዘዘው፣ የትኛውም ኦዲተር ያልጠየቀው ሒሳብ ነበርና ለማን እንዳስቀመጠው እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የተጻፈው ቶማስ ሼልተን ባዘጋጀው አጭር ጽሕፈት ነበርና ከመቶ ዓመት በላይ ያነበበው አልተገኘም። ከ1819 እስከ 1822 ጆን ስሚዝ የሚባል ድሃ ተማሪ ፊደል በፊደል እየፈታ ገለበጠው፤ በ1825 ከፊሉ ታተመ። የሼልተን መማሪያ መጽሐፍ እዚያው ፒፕስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከማስታወሻው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ይገኝ ነበር። ስሚዝ መኖሩን አላወቀም።