በፎገራ የታየው ትኩሳትና የነርስ ኀላፊነት

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት የወባ አገር ነው። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. በፎገራና ከወረታ በስተ ሰሜን ባለው በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው የገደለው ትኩሳት መጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተባለ። በግንቦት ወር ግን የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር በአዲስ ዘመን ሕክምና ጀመረ፤ በትክክለኛው መድኃኒትም ብዙዎች ዳኑ።

ሁለቱም በሽታዎች ትኩሳት ያመጣሉ፥ ጣፊያም ያሳብጣሉ፤ ስለዚህ ስሕተቱን ለስንፍና መስጠት አይገባም። ይሁን እንጂ የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው ሕመምተኛ ራሱ ምስክር ነበር። እንግዲህ የነርስ ኀላፊነት መድኃኒቱን በሰዓቱ በመስጠት አያበቃም፤ መሥራቱን መከታተልና ካልሠራም ለሐኪሙ ደፍሮ መናገር ጭምር ነው።