በጣና ሐይቅ የሰመጠ ጀልባን ለማንሣት የሚያገለግል መልሕቅ፦ አሠራርና ፍተሻ

የጣና ሐይቅ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ በመሆኑ የሰመጠ ጀልባን በገመድ ስቦ ማውጣት ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው ግን ወለሉ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወንዞች የደቡብ ጎንደርን ደጋ አፈር ጠርገው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ሐይቁ ስለሚያስገቡ በምሥራቁ ዳርቻ ለስላሳ ደለል ይከማቻል።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። ጎታቾቹ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ጽኑ መሬት ነበራቸው፤ በውኃ ላይ ግን ዊንች የተሸከመውን ተንሳፋፊ መድረክ በቦታው የሚያጸናው መልሕቁ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከባድ የኮንክሪት ብሎክ መጣል ነው። ይሁንና በየብስ 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ኮንክሪት በውኃ ውስጥ ወደ 580 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል፤ በደለል ላይ ወደ ጎን ሲሳብ ደግሞ የሚቋቋመው ከዚህም ያነሰ ኃይል ነው። ስለዚህ ለጭቃ ወለል የሚመረጠው ሰፊ ክንፍ ያለውና ሲሳብ ወደ ውስጥ የሚቀበር የብረት መልሕቅ ነው። መልሕቁ እንዲቀበር ስበቱ አግድም መሆን ስላለበት የገመዱ ርዝመት ከጥልቀቱ ቢያንስ 5 እጥፍ ይሁን፤ በመልሕቁ በኩል ያለው ጫፍም ሰንሰለት ይሁን።

ፍተሻው ከማንሣቱ ሥራ በፊት ይከናወናል። ሥራው 2 ቶን ስበት የሚጠይቅ ከሆነ መልሕቁ ለምሳሌ በ3 ቶን ተስቦ ለ15 ደቂቃ ይያዛል። የኃይል መለኪያው ንባብ እየወረደ ከሄደ መልሕቁ እየተንሸራተተ ነው። የተነካ ጭቃ ሲያርፍ መልሶ ስለሚጠነክር መልሕቁን አሳድሮ መፈተሽ ይመረጣል።

የሚያስፈልገውን ስበት በጀልባው ክብደት ብቻ መገመት አደገኛ ነው። ደለል የያዘውን ነገር አጥብቆ ስለሚጣበቅበት ከወለሉ ለማላቀቅ ከክብደቱ የበለጠ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል። በኃይል ከመንጠቅ ይልቅ ከሥሩ ውኃ በግፊት እየረጩ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ይሻላል። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ሰው ሊገድል ስለሚችል በገመዱ አቅጣጫ ማንም ሊቆም አይገባም።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ ገደማ ነው። ጠላቂዎች ለባሕር የተዘጋጀውን የመጥለቂያ ሰንጠረዥ ለከፍታው ሳያስተካክሉ መጠቀም የለባቸውም። የጀልባ ባለቤቶች ባለሙያ ሲጠሩ የጀልባውን ርዝመት፣ የጭነቱንና የነዳጁን መጠን እንዲሁም የሰመጠበትን ቦታ ጥልቀት አስቀድመው እንዲያሳውቁ ይመከራል።