ባዶ መስሎ የታየ ምድር፦ የድሬዳዋ ቆላና የአንድ መጤ ዛፍ ታሪክ

በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክልል ከምትገኘው ከዋሂል ሆኖ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው ሁለት የተለያዩ ዓለማት ይታዩታል። በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ጫፍ የሆነው ተራራ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በስተሰሜን ደግሞ ምድሩ ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ወደ ሽንሌ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲና ወደ አፋር ሜዳዎች ይዘረጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚኖረው ሕዝብ ማሽላ ይዘራል፤ ከብት፣ ፍየልና ግመል ያረባል፤ ዝናብ ሲዘገይበትም ዓይኑን ወደ ተራራው ያነሣል።

ከደጋ የሚወርድ መንገደኛ ይህን ምድር ብዙውን ጊዜ «በረሃ» በሚል አንድ ቃል ያልፈዋል። ቃሉ በአማርኛችን የአየር ጠባይን ብቻ ሳይሆን ባዶነትንም ጭምር ያሳስባል። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልን ስንወርድ በረሃ የመጨረሻው እርከን ነው፤ ከዚያ በታች የሚቆጠር ያለ አይመስለንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተያየት ስሕተት መሆኑን ከምድሩ ታሪክ ማስረዳት፣ ስሕተቱም በሙያ ባልደረቦቻችን እጅ ምን እንዳስከተለ መግለጽ ነው።

የድርቀቱ ምክንያት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ600 ሚሊሜትር ብዙ የራቀ አይደለም። ይህ መጠን ለብቻው ሲታይ ትንሽ አይባልም፤ በዝናቧ ስሟ የሚነሣው የለንደን ከተማ እንኳ በዓመት የምታገኘው ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። ልዩነቱ ያለው ከሰማይ በሚወርደው ውሃ ላይ ብቻ ሳይሆን ፀሐይና ነፋስ መልሰው በሚወስዱት ላይም ነው። በቆላው በትነት ሊጠፋ የሚችለው ውሃ ከሚዘንበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እርጥበት ያዘለው ነፋስ ከፍ ባለው ደጋ ላይ ዝናቡን አራግፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ይሞቃል፤ ሲሞቅም ይደርቃል። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ ወደ ሰሜን በተራመድን ቁጥር ዝናቡ እየቀነሰ፣ ዛፉም እየሳሳ ይሄዳል።

ዝናቡ የሚመጣው በበልግና በክረምት ተከፍሎ ነው። በመጣም ጊዜ በዝግታ አይጥልም፤ በጥቂት ሰዓት ወርዶ ያበቃል። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው ወንዞች በአንድ ሌሊት ሞልተው ይወርዳሉ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ማጥፋቱን የማያስታውስ የለም። በደረቅ አገር ውሃ የሚያሰጋው ሲጠፋ ብቻ ሳይሆን ሲመጣም ጭምር ነው።

በዋሻ ግድግዳ ላይ የቀረው ማስረጃ

ይህ ምድር ዘወትር እንዲህ እንዳልነበረ የሚመሰክሩ ቦታዎች በአካባቢው አሉ። ከድሬዳዋ ከተማ ጥቂት ኪሎሜትር ራቅ ብሎ በሚገኝ ገደል ላይ ፈረንሳዮች «ፖርክ ኤፒክ» ማለትም የጃርት ዋሻ ብለው የሰየሙት ዋሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፒየር ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ቁፋሮ ተደረገበት። ከዚያም በኋላ በተካሄዱት ጥናቶች ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ከሚሆነው የአፈር ንጣፍ ውስጥ ከ4,000 የሚበልጡ፣ በጠቅላላው 40 ኪሎግራም ያህል የሚመዝኑ የቀይ አፈር ቁራጮች ተገኝተዋል። ሰው ቀይ አፈሩን እየፈጨ ቀለም ያዘጋጅበት ነበር። ባዶ ነው የምንለው ምድር እንግዲህ የሰው ልጅ ከጥንታውያን የሥራ ቦታዎች አንዱ ነው ማለት ነው።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የለገ ኦዳ ዋሻ ሥዕሎች ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሩናል። በዚያ አለት ላይ በብዛት የተሣሉት ሻኛ የሌላቸው ከብቶች ናቸው። ከብት እንደ ግመል ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን መቆየት አይችልም፤ ሣርም በብዛት ይሻል። የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ታሪክም ከዚሁ ጋር ይስማማል። የዛሬ 11,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 5,000 ዓመት ገደማ ድረስ የዝናቡ መጠን ከዛሬው የበዛ ነበር። የአዋሽ ወንዝ መጨረሻ የሆነው የአቤ ሐይቅ በዚያን ዘመን ከአሁኑ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ አየሩ ደረቀ፤ ሕይወት ግን አልተቋረጠም። የሚችለው ቀረ፤ የማይችለው ወደ ደጋው ሸሸ።

የነዋሪዎቹ ጥበብ

የቀሩት በምን ዘዴ እንደቀሩ መመርመር ይገባል። ግራር ቅጠሉን አሳንሶ፣ ሥሩን አጥልቆ፣ ጫፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይኖራል። ጥላው የሣሳ በመሆኑ ከሥሩ ሣር ይበቅላል፤ ፍሬው ሲረግፍ ፍየልና የዱር እንስሳ ይመገበዋል። ቁልቋልና እሬት ቀን የቅጠላቸውንና የግንዳቸውን ቀዳዳዎች ዘግተው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍታሉ፤ በዚህም ውሃቸውን ከፀሐይ ይሰውራሉ። በደኖና ቁርቁራ በድርቅ ጊዜ ለሰው ምግብ ይሆናሉ። ሶማሌዎች ገረስ ብለው የሚጠሩት ዛፍ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እንደለመለመ ይቆያል። አርብቶ አደሮችም ይህ ዛፍ አብዝቶ ባፈራበት ዓመት ድርቅ ይጠብቃሉ፤ ፍሬውንም ለረጅም ጊዜ ቀቅለው ለክፉ ቀን ይመገቡታል።

የእንስሳቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከሚዳቋ የምታንሰው እንሹ ከምትበላው ቅጠል በምታገኘው እርጥበት ብቻ ብዙ ጊዜ ትቆያለች፤ ረዘም ባለው አፍንጫዋ ደሟን ታቀዘቅዛለች። ግመል የሰውነቱን ሙቀት ቀን ከፍ፣ ሌሊት ዝቅ በማድረግ ላቡን ይቆጥባል፤ ከክብደቱ ሩብ ያህል ውሃ አጥቶም በሕይወት ይቆያል።

ከሁሉ ይልቅ ለጥናት የጠቀመው ግን ዝንጀሮ ነው። ሃንስ ኩመር የተባለው የስዊስ ሳይንቲስት ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለው በኤረር ጎታ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የነጭ ጋሜ ዝንጀሮችን ኑሮ ተከታትሏል። ዝንጀሮቹ ማታ ማታ በመቶ እየተቆጠሩ በገደል ላይ አብረው ያድራሉ፤ ቀን ግን አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎች እየሆኑ ይበተናሉ። ምክንያቱም ማደሪያ ገደል ጥቂት ሲሆን ምግቡ ደግሞ ሳስቶ የተበተነ ነው። እንግዲህ የማኅበራቸው ሥርዓት ራሱ ከደረቁ ምድር ጋር የተስማማ ነው። የሰውም ማኅበር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አርብቶ አደር መንጋውን ከፋፍሎ የሚያሰማራው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ከግመል ወደ ባቡር

ለብዙ ዘመን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት በዚህ ቆላ ያልፍ ነበር። ስሙ በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት የሆነው ጄልዴሳ የዚህ መንገድ ዋና ማረፊያ ነበረ። ከባሕር ዳርቻ የመጡት ግመሎች እዚያ ጭነታቸውን ያራግፋሉ፤ ተራራውን የሚወጣው ዕቃ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ይህ ሁሉ የሚካሄደው የውሃ ጉድጓዱን፣ የግጦሹንና የጥላውን ልክ በሚያውቁ ሰዎች ነበር።

በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ ሐዲዱ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ፤ ባቡሩም በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በዚያም ከተማ ተቆረቆረ፤ የጄልዴሳ ገበያም ተዳከመ። ከተማ ደግሞ ማገዶ፣ ከሰልና የቤት እንጨት ይፈልጋል። በዝግታ የሚያድገው ግራር ይህን ፍላጎት ተከትሎ ማደግ አልቻለም።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ከማገዶ ችግር የዳነችው ከአውስትራሊያ በመጣው በባሕር ዛፍ ነበር። ይህ ታሪክ በደን ሙያ ላይ ትልቅ እምነት አሳደረ። ለደጋው እንግዳ ዛፍ መድኃኒት ከሆነ ለቆላውስ ለምን አይሆንም? የሚል አሳብ ቢነሣ የሚያስደንቅ አልነበረም።

የመጣው ዛፍ

መልስ መስሎ የታየው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ህንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ሱዳን ተወስዷል። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን በመጀመሪያ ከተፈላባቸው ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋው የጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ በመካከለኛው አዋሽ በስፋት ተተከለ። አሳቡ ቅን ነበር፤ በቶሎ ያድጋል፣ ድርቅን ይችላል፣ አፈር ይይዛል፣ ማገዶ ይሆናል፣ ፍሬውም መኖ ነው። የተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ከእውነቱ ነው።

ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ከብት፣ ፍየልና የዱር እንስሳ አጥብቀው ይወዱታል። ዘሩ በሆዳቸው ሳይፈጭ አልፎ ከፍግ ጋር ይወድቃል፤ እንስሳው በደረሰበት ሁሉ ይበቅላል። ጎርፍም በበኩሉ ዘሩን በወንዝ ዳር ይበትነዋል። ከመሬት በላይ ቢቆረጥ ከጉቶው ብዙ ሆኖ ያቆጠቁጣል። የግራር ፍሬም በእንስሳት ሆድ እንደሚጓዝ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ግራር ሣርን ከሥሩ ያኖራል፣ ይህ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ሣሩን ያጠፋል። የአፋር ሕዝብ «ደርጊ ሃራ» ማለትም የደርግ ዛፍ፣ በኋላም «ወያኔ» ብሎ ሰየመው። ሳይጠየቅ ለመጣበት እንግዳ ከየመንግሥቱ ስም ማውጣቱ ራሱን የቻለ ፍርድ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ በአፋር ክልል ብቻ ዛፉ በልዩ ልዩ መጠን የገባበት ምድር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መድረሱ በጥናት ታውቋል። የሜዳ አህያና የሳላ መሰማሪያ የሆነው የሃላይደጌ ሜዳም ከዚህ አላመለጠም። በኬንያ ባሪንጎ አካባቢ የሚኖሩት የኢልቻሙስ ሰዎች ይህን ዛፍ በምድራቸው ያስተከለውን ወገን ከሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ፍሬውን ከመብላት የተነሣ ጥርሷ የረገፈ ፍየል በማስረጃነት ለፍርድ ቤት አቅርበዋል። ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚሻ የሙያ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሙያችን ድርሻ

ይህን ስንል ዛፉን የተከሉትን ባልደረቦች ለመውቀስ አይደለም። በጊዜው በእጃቸው የነበረውን ዕውቀት ይዘው ለሕዝብ ጥቅም ሠርተዋል። ዛሬም ከዚህ ዛፍ ከሰል አክስሎ የሚተዳደር፣ በጥላውም የሚያርፍ ሰው አለ። ሊጤን የሚገባው መነሻው ነው። ምድሩ ባዶ ተብሎ ስለ ታሰበ፣ በቦታው የነበረው ሥርዓት ምን እንደሆነ አልተጠየቀም። የገረስን ዛፍ አይቶ የድርቁን ዓመት የሚያውቅ ሽማግሌ ከችግኝ ጣቢያው ደጃፍ ሩቅ አልነበረም።

እንግዲህ ወደፊት በደረቅ ምድር ላይ አንድ ተክል ከመተከሉ በፊት ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። ፍሬውን የሚበላው ማን ነው? ጎርፍ ዘሩን የሚያደርሰው ወዴት ነው? ከጥላው ሥር ምን ይበቅላል፣ ምንስ ይጠፋል? የገባውን ለመቆጣጠርም ዘዴ አለ። ሥሩን ከመሬት በታች ቆርጦ ማውጣት፣ ፍሬውን ከነዘሩ ፈጭቶ ለመኖ ማዋል፣ በተለቀቀው መሬት ላይ ወዲያው ሣር መዝራት ይጠቅማል። ከሰል ማክሰሉ ግን በጥብቅ ካልተጠበቀ በመጤው ዛፍ ስም ግራሩ አብሮ እንደሚያልቅ መርሳት አይገባም።

በዋሂልና በአካባቢዋ፣ በተራራውና በሜዳው መካከል፣ ችግኝ ማፍላትና ተፋሰስ መጠበቅ ዛሬም የሙያችን ሥራ ነው። ግራሩ፣ በደኖውና ቁርቁራው እድገታቸው የዘገየ በመሆኑ በሪፖርት ላይ ቶሎ አይታዩም። ነገር ግን ምድሩ ከደረቀ ጀምሮ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተፈትነው የቀሩ ናቸው። የሙያ ሰው በደረቅ ምድር የመጀመሪያ ሥራው መትከል ሳይሆን፣ ምን ተተክሎ እንደቆየ ጠይቆ መረዳት ነው።