ነዳጅ ማደያ ሥር የኖረ መቃብር

በዚህ የአሥረኛ ዓመት መጽሔት ስለ አገራችን ታሪክ ብዙ እንደሚጻፍ እናምናለን። እኛ ግን ከእኛ በፊት እዚህ ስለኖሩት ጎረቤቶቻችን፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ጥቂት ለማለት ወደድን። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ከናሽናል ኤርፖርት ሰው ጭነን ወደ ደቡብ የምንወርድ ታክሲ ነጂዎች አሌክሳንድሪያን አቋርጠን ቤልትዌይ ልንገባ ስንል፣ ዋሽንግተን ስትሪት ዳር አንድ የመታሰቢያ ቦታ እናልፋለን። በ1955 እዚያ ላይ ነዳጅ ማደያ ተሠርቶ ነበር። ከሥሩ 1,800 ያህል ሰዎች ተቀብረዋል።

አሌክሳንድሪያ የባሪያ ገበያ ነበረች። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉት ነጋዴዎች ከ1828 እስከ 1836 በዱክ ስትሪት ሰው እየገዙ በሺህ የሚቆጠረውን ወደ ደቡብ ይልኩ ነበር። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ሙዚየም ሆኗል። በ1861 የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከቨርጂኒያ እርሻዎች ያመለጡ ባሮች ወደዚያችው ከተማ ጎረፉ። ረሀብና በሽታ ብዙዎችን ጨረሰ፤ ሕፃናቱ በተለይ አለቁ። በ1864 መንግሥት መቃብር ከፈተላቸው።

ለሰሜኑ የተዋጉ ጥቁር ወታደሮችም መጀመሪያ እዚያው ነበር የሚቀበሩት። ነጮቹ ወታደሮች የክብር መቃብር ነበራቸው። በታኅሣሥ 1864 በለቨርቸር ሆስፒታል ተኝተው ይታከሙ የነበሩ 443 ጥቁር ወታደሮች አቤቱታ ፈረሙ፦ እኛም የአሜሪካ ወታደሮች ነን፣ ከጓዶቻችን ጎን እንቀበር አሉ። ለራሱ ቁስል ሳይሆን ለሞተ ጓዱ ማረፊያ መከራከር ምን ማለት እንደሆነ፣ እድር ያለው ሕዝብ አስተርጓሚ አያሻውም። በሚቀጥለው ወር አስከሬኖቹ ወደ ወታደሮቹ መቃብር ተዛወሩ።

የቀሩትን ማንም አልጠበቃቸውም። የእንጨት ምልክቶቹ በሰበሱ፤ ማደያውና የቢሮ ሕንፃ ተሠራባቸው። በ1987 አንድ የታሪክ ሰው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ፍንጭ አገኘ። የሟቾች መዝገብም ስለተረፈ ስሞቹ ታወቁ፣ የአንዳንዶቹም ዘሮች ተፈልገው ተገኙ። ማደያው ፈርሶ በ2014 መታሰቢያው ተከፈተ። እኛስ? አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ስናዋጣ ኖረናል፤ አሁን ግን እዚሁ የሚቀበረው ወገናችን እየበዛ ነው። የእኛን መዝገብ ማን ይዞታል?

የሲልቨር ስፕሪንግ አባሎቻችንም ታሪክ ከደጃቸው አይርቅም። በ1853 ሳሙኤል ሊተን የተባለ ነፃ ጥቁር ሰው መሬት ገዝቶ ሊተንስቪል የተባለው ሰፈር በስሙ ተጠራ። በኋላ በዙሪያው የተሠሩት የነጮች ሰፈሮች፣ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ በውላቸው ያስጽፉ ነበር። ሊተንስቪልን ከሐዲዱ ማዶ ያገናኝ የነበረው የታልበት አቬኑ ድልድይ በ1918 የተሠራ ነው። በ2018 የሁለቱም ወገን ነዋሪዎች መቶኛ ዓመቱን አብረው አከበሩ፤ በ2019 ለፐርፕል ላይን ባቡር ሲባል ፈረሰ።

ቤት በዘር መከልከልን በመላው አገሪቱ ያገደው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። እኛ ከ1974ቱ አብዮት በኋላ እየበዛን መጥተን አፓርታማ የተከራየነው በዚያ ሕግ ነው። ኮሚቴያችን በሚመጣው ሰመር ለልጆቻችን አንድ ቅዳሜ ቢመድብ፣ የሚያመላልሱትን መኪኖች እኛ ሾፌሮቹ እንችላለን።