የቲማቲም ጣሳና 219 ኪሎ ሜትር በሰዓት

ግሌን ከርቲስን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? በኒው ዮርክ ግዛት ሃመንድስፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ፣ ትምህርቱን በ8ኛ ክፍል ያቆመ የብስክሌት ተወዳዳሪና ጠጋኝ ነበር።

በ1901 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የሞተር ዕቃ በፖስታ አስመጥቶ ብስክሌቱ ላይ ገጠመ። ካርቡራተሩን ከቲማቲም ጣሳ ሠራው! ሞተሩ ተነሳ፤ ግን አቅም የለውም። ተለቅ ያለ አዘዘ፤ እሱ ደግሞ ከበደበት። ቁም ነገሩ የሞተር ትልቅነት አይደለማ! ለክብደቱ ስንት ጉልበት ይሰጣል ነው። ስለዚህ ቀለል ያለውን በራሱ ንድፍ መሥራት ጀመረ።

ጥር 1907 ፍሎሪዳ፣ ኦርሞንድ ቢች አሸዋ ላይ ለበረራ የታሰበ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሁለት ጎማ ላይ ጭኖ መጣ። ካቴናም ቺንጋም ስለማይችሉት ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ ያስተላለፈው በዘንግ ነው። በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ሄደ! በይፋ ባይመዘገብም ጉድ ነው። ደግሞ ሲሞክር የዘንጉ መገጣጠሚያ ተሰበረ፣ ፍሬሙ ጎበጠ፤ ለጥቂት ተረፈ።

በ1908 ያው የቀላል ሞተር ዕውቀት "ጁን በግ" በተባለች አውሮፕላን አበረረው።

ብስክሌት ላይ ሞተር ገጥማችሁ "ቲቸር፣ እንዴት ላፍጥናት?" የምትሉኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ታሪኩ መልስ አለው፦ መጀመሪያ ክብደት ቀንሱ፣ የአየርና የነዳጁን ልክ አስተካክሉ። ፍሬኑና ፍሬሙ ካልቻሉት ግን ይቅር። ከርቲስ የሞከረው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ነው፤ የእናንተን አስፋልት ሕፃናት ይሻገሩበታል።

ትምህርት ያቋረጣችሁም አይዟችሁ፤ እጃችሁ ከሠራ፣ ጭንቅላታችሁ "ለምን?" ካለ፣ ገና ናችሁ።