ሙቀቱ ይለፍ፣ ኤሌክትሪኩ ይቅር

የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክቴን በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ አቃጥዬዋለሁ። የሞተር መቆጣጠሪያ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትራንዚስተሩን ከአልሙኒየም ማቀዝቀዣው ጋር በቀጥታ በብሎን አሰርኩት። የትራንዚስተሩ የጀርባ ብረት ግን ከአንዱ እግሩ ጋር የተገናኘ ነው፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ሳጥኑን ይነካ ነበር። ሾርት አደረገ። በማግስቱ ብልህ ሆንኩና በመሃላቸው የፕላስቲክ ቴፕ ደራርቤ ለጠፍኩ። ኤሌክትሪኩ አላለፈም፤ ሙቀቱም አላለፈም። ከደቂቃዎች በኋላ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከአሮጌ አምፕሊፋየር የነቀሏትን ስስ ቅጠል ሰጡኝ። «ማይካ ናት። ነጩን ቅባት በሁለቱም ፊቷ ቀብተህ መሃል አስገባት» አሉኝ። ሠራ። ለምን እንደሠራ ግን አልጠየቅኳቸውም። ተመርቄ ሶፍትዌር ውስጥ ገባሁ። ጥያቄው የተመለሰብኝ ከዓመታት በኋላ፣ ላፕቶፔ በሥራ መሃል እየጋለ ፍጥነቱን መቀነስ ሲጀምር ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ጉስታፍ ቪደማን እና ሩዶልፍ ፍራንዝ የተባሉ ጀርመናውያን ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያሳልፍ ብረት ሙቀትንም በደንብ እንደሚያሳልፍ አሳዩ። ምክንያቱ የታወቀው በኋላ ነው፤ በብረት ውስጥ ሁለቱንም የሚሸከሙት እነዚያው ኤሌክትሮኖች ናቸው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ስታግዱ ብዙ ጊዜ ሙቀቱንም አብራችሁ ታግዳላችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድን አስቡ። ከሥር ያለው ሽቦ ጋጋሪዋን እንዳይነዝራት የሚከላከለው ሸክላው ነው። ምጣዱ እስኪግል የምንጠብቅበት አንዱ ምክንያትም ያው ሸክላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1907 ሊዮ ቤክላንድ ባክላይትን ሠራ። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ዕቃ ዓለም በፕላስቲክ ተሸፈነ፤ በኋላ ኢፖክሲ መጣ። ኤሌክትሪክ በማገድ የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። ሙቀት ላይ ግን ጉድ ነው። ሙቀት የማሳለፍ አቅም በዋት በሜትር በኬልቪን ሲለካ መዳብ 400 ገደማ ሲሆን ኢፖክሲ 0.2 ገደማ ነው። ልዩነቱ 2000 እጥፍ!

ተፈጥሮ ግን አንድ በር ክፍት ትታለች፤ እሱም አልማዝ ነው። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ በሙቀት ግን መዳብን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ሙቀቱን የሚሸከመው የአቶሞቹ ንዝረት እንጂ ኤሌክትሮን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ግሌን ስላክ እንዲህ ዓይነት ቁሶች ምን እንደሚያመሳስላቸው ዘረዘረ፦ ቀላል አቶም፣ ጠንካራ ትስስር፣ ያልተወሳሰበ መዋቅር። ቦሮን ናይትራይድ እና አልሙኒየም ናይትራይድ ከዚህ ወገን ናቸው።

እንግዲያው ፈጭቶ ከፕላስቲክ ጋር ማደባለቅ ነዋ! የጋሼ ነጭ ቅባትም እንዲህ ያለ ድብልቅ ነው፤ የተለመደው ዓይነት ሲልከን ዘይት ውስጥ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ማይካዋ ራሷ ሙቀት አሳላፊ ሆና አይደለም፤ በጣም ስስ ሆና ስለምትሰነጠቅ ነው። ቅባቱ ደግሞ ከፕላስቲክም የባሰውን አየር ከስንጥቁ ያስወጣል።

እዚህ ላይ ግን እኔን ያስገረመኝ ነገር አለ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፉ በሌላ ቁስ ውስጥ የተበተኑ ክብ ቅንጣቶችን የሚመለከት ቀመር አለ። ኮድ ጻፍኩና ሞከርኩት። ከድብልቁ መጠን 10 በመቶውን ሙቀትን ፍጹም በሚያሳልፍ፣ በዓለም በሌለ ቅንጣት ብትሞሉት ጥቅሙ 33 በመቶ ብቻ ነው። ቅንጣቱን ርካሽ በሆነው አልሙኒየም ኦክሳይድ ብትተኩትስ? ያው 33 በመቶ ገደማ። ቅንጣቶቹ ካልተነካኩ ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በፕላስቲኩ ማለፍ አለበት፤ የሚያዘገየውም እሱ ነው። አልማዝ መግዛት አያድንም።

ይባስ ብሎ ፒዮትር ካፒትሳ እ.ኤ.አ. በ1941 በፈሳሽ ሂሊየም ሲሞክር ሙቀት ከአንድ ቁስ ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩ ላይ እንደሚደናቀፍ አሳየ። በእኛ ድብልቅ ውስጥም እያንዳንዱ ቅንጣት ሁለት ኬላ አለው፤ አንዱ መግቢያው ላይ፣ አንዱ መውጫው ላይ። ቅንጣቱን በጣም ስታደቅቁት ኬላው ይበዛል።

ስለዚህ ሥራው ቅንጣት ከመምረጥ መንገድ ወደ መዘርጋት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሃትሱኦ ኢሺዳ እና ሳራውት ሪምዱሲት ቀልጦ በቀላሉ የሚፈስና ቅንጣቱን በደንብ የሚያረጥብ ፖሊቤንዞክሳዚን የተባለ ፕላስቲክ መረጡ። በዚህም ከድብልቁ መጠን 78.5 በመቶውን በቦሮን ናይትራይድ መሙላት ቻሉ። ውጤቱ 32.5 ሆነ፤ ከተራው ፕላስቲክ ከ100 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ነጻ ግን አይደለም። ዱቄቱ በበዛ ቁጥር ድብልቁ ለማፍሰስ ይከብዳል፤ ሲደርቅም ይሰባበራል።

ሌሎች ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ጠየቁ። ሞለኪውሎቹ እንዳልተፈተለ ጥጥ የተጠላለፉ ስለሆኑ ንዝረቱ መንገድ ይጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤምአይቲ ውስጥ የጋንግ ቼን ቡድን ተራውን ፖሊኢትሊን ስቦ ስቦ ቀጭን ክር አደረገው። በክሩ ርዝመት 104 ገደማ ተለካ፤ ከብዙ ብረቶች ይበልጣል። ፌስታል የሚሠራበት ቁስ እኮ ነው!

ይህን ሁሉ ለምን አወራለሁ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሰፈራችን ጉዳይ ሆኗል። በብዙዎቹ ባትሪዎች ውስጥ በሴሎቹና በማቀዝቀዣው መካከል እንዲህ ያለ ድብልቅ አለ። ኤሌክትሪክ ካሳለፈ ሾርት ነው። ሙቀት ካገደ ባትሪው ያረጃል፣ ከባሰም ይነዳል። የእኔ ሁለቱ ስህተቶች ማለት ናቸው፣ ከ20 ብር ትራንዚስተር ይልቅ ሰው የተሳፈረበት መኪና ላይ። ነገ ያንን ባትሪ የሚከፍት ልጅ ቅባቱን ጠርጎ ተራ ማጣበቂያ ቢቀባበት መኪናው ይነሳለታል፤ የእኔም ፕሮጀክት በቴፑ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ነበር።

ጋሼ ማይካዋን ሲሰጡኝ «ለምን?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ የሚነግሩኝ ይመስለኛል። ያ ልጅ ግን ይጠይቅ።