በፍራንክፈርት ጫማ የሚደረድሩ ልጆች

እንግዲህ ቀረብ ቀረብ በሉና አድምጡኝ፤ የምነግራችሁ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ሰዎቹ ግን የእኛው ናቸው። አገሩ ጀርመን፣ ከተማው ፍራንክፈርት፣ ወንዙ ማይን ይባላል፤ ወሩም ጥር ነው። በዚያ አገር በጥር ፀሐይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካላለፈ አትወጣም፤ ብትወጣም ከደመናው ጀርባ ሆና ብርሃኗን ትልካለች እንጂ ፊቷን አታሳይም። በረዶ ቢጥል እንኳ ደግ ነበር፤ ሜዳው ነጭ ሲሆን ልጆቹ ይስቁ ነበር። የፍራንክፈርት ብርድ ግን ካፊያና ጉም የሚበዛበት፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ እርጥብ ብርድ ነው።

በዚህ ብርድ፣ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ በማይንትስ ከተማ አንዲት እናት ትነሣለች። ስሟን አልጠራላችሁም፤ አንዷን ብጠራ የቀሩት ይቀየሙኛል፤ እንዲህ ያሉ እናቶች በቪስባደንም፣ በሀናውም፣ በዳርምሽታትም አሉና። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ትነሣና ትንሿን ልጇን እንደ ተኛች ታለብሳታለች፣ ማታ የጋገረችውን ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ከዚያም ትልቁን ልጅ ትቀሰቅሳለች፣ ከዚያም እንደገና ትቀሰቅሰዋለች፤ ነጠላዋን ከካፖርቷ ሥር ታጣፋለች፣ ባሏ ጋሪውን ይዞ ይቀድማል፣ እሷ በሩን ቆልፋ ትከተላለች። እህል በአፏ አልዞረም፤ ቅዳሴ አለባታ።

ኤስ 8 የሚሉት ባቡር ከቪስባደን ይነሣና በማይንትስ ያልፋል፣ ከዚያም አውሮፕላን ማረፊያው ሥር ይገባና ወደ ፍራንክፈርት ይዘልቃል። አየር መንገዳችን ወደዚያ ማረፊያ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ስንቱ ተማሪ፣ ስንቱ ስደተኛ፣ ስንቷ ሙሽራ በዚያ በር እንደ ገባች እናንተው ገምቱ። በዚያ ሰዓት ባቡሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው፦ ሲጨፍር አድሮ ወደ ቤቱ የሚመለስና ነጠላ ለብሶ ወደ ቅዳሴ የሚሄድ። አንዱ ጎረምሳ የቢራ ጠርሙሱን ከመቀመጫው ላይ ያነሣና ለእናቲቱ ቦታ ይለቅላታል፤ እሷም በጀርመንኛ ታመሰግነዋለች፤ ከዚያም ሁለቱም መስኮቱን ያያሉ፤ መስኮቱም ጨለማ ነው።

ደርሰናል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን የእኛ አይደለም፤ የጀርመኖቹ ነው። ሰው አገር ያለ ጉባኤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ባለቤቶቹ ከእነሱ ጸሎት በፊት ወይም በኋላ ያለውን ሰዓት ያውሳሉ፣ ሀውስማይስተር የሚባለው የሕንፃው ጠባቂ ቁልፉን ይሰጣል፤ እሱም ሦስት ነገር ይፈራል፦ ሰሙ ወለል ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ የዕጣኑ ጢስ የእሳት ደወሉን እንዳያስጮህ፣ ከበሮው ደግሞ እሑድ ጠዋት ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ። ምን ይፈረድበታል? ሕንፃው በእሱ እጅ ነው፤ እሑድም በዚያ አገር ሱቅ እንኳ የሚዘጋበት የጸጥታ ቀን ነው።

እንግዲህ ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። መጋረጃው ይሰቀላል፣ ምንጣፉ ይዘረጋል፣ ሥዕሉ ከሣጥን ወጥቶ ይቆማል፣ አትሮንሱ ቦታውን ይይዛል፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ይታጠፋል። በአገር ቤት ይህ የለም፤ ደብሩ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንተ መሄድ ብቻ ነው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ የምትሠራና በየሳምንቱ የምትፈርስ ናት፤ በየሳምንቱ የሚሠራ ነገር ደግሞ እጅ ይፈልጋል፤ እጅ ከጠፋ ወደ ልጆች ይታያል። በኔ ግምት በፍራንክፈርት ልጆቻችንን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያቆየው ከስብከቱ ይልቅ ይህ የእጅ ማነስ ነው።

በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። በጥር የሁለት መቶ ሰው እርጥብ ቦት ጫማ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ! አንድ ላይ ተከምሮ፣ ቀኙ ከግራው ተለያይቶ፣ ውሃው ወለሉ ላይ እየፈሰሰ። ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች ግን ጋዜጣ ያነጥፉና ይደረድሩታል፤ የሕፃናቱን ከፊት፣ የሽማግሌዎቹን ከወንበሩ አጠገብ፣ ጎንበስ ብለው እንዳያነሡ። ማንም አላስተማራቸውም፤ አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ጫማቸውን ሲፈልጉ ሲንገዳገዱ አይተው የጀመሩት ነው። ከዚያ ወዲህ የየሰዉን ጫማ ያውቃሉ፤ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ ከቄሱ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ እሑድ የአንድ ሽማግሌ ቡኒ ጫማ አልነበረም፤ ልጆቹ ተናገሩ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤታቸው ድረስ ሄደ፤ ሽማግሌው ታመው ተኝተው ነበር፤ ሾርባ ተሠራላቸው፣ ሐኪም ተጠራላቸው፣ ልጆቹም ፍራሻቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብስኩት በሉ።

ወደ ውስጥ እንግባ። ቅዳሴ በደንቡ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። በጎጃም ወይም በላስታ ዲያቆን አይጠፋም፤ የቆሎ ተማሪው ሞልቷል። በፍራንክፈርት ግን ዲያቆኑ በሳምንት ስድስት ቀን መጋዘን ዕቃ ይጭናል ወይም ሆስፒታል ሌሊት ያድራል፤ አንዱ ሲቀር ቦታው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ማይን ዳር የተወለዱ ልጆች ተራ በተራ ዜማውን ያጠናሉ፤ አንዱ ጧፍ ይይዛል፣ አንዱ ጥላ፣ አንዱ ቃጭል፤ ጥላው ከልጁ ቁመት ስለሚበልጥ አባትየው ከኋላ በአንድ ጣት ይደግፈዋል፣ ልጁም አባቱ መደገፉን አያውቅም። ሴቶቹ ልጆች ከበሮውን ይዘዋል፤ ሀውስማይስተሩ እንዳይከፋው በመዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፍ መምታትን ተምረዋል፤ ለከበሮ የማይሆን ነው፣ ግን ይሆናል። ቁርባን ሲደርስም ከካህናቱና ከዲያቆናቱ ቀጥሎ የሚቀድሙት ሕፃናት ናቸው፤ ሚኒስትር ቢመጣ፣ ባለ ሀብት ቢመጣ፣ በእናቷ ክንድ ላይ የተኛችው ሕፃን ትቀድመዋለች።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና አንድ የድሮ ነገር ልንገራችሁ፤ ፍራንክፈርት ሲነሣ ሳይነሣ የማያልፍ ነው።

ከአማራ ምድር፣ ከመካነ ሥላሴ፣ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ መነኩሴ ተነሥተው ሮም ደረሱ። ሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሾች ማረፊያ ነበረች፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ ወጣት አገኛቸው። ግእዝን ከመጽሐፍ ለቃቅሞ ተምሯል፤ ሲናገረው ግን የሰማው ሰው አልነበረም። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግንቡ ጠራቸው፣ እሳቸውም የአልፕስን ተራራ አቋርጠው መጡ፣ ከሉዶልፍም ጋር ተቀምጠው ስለ አገሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ቋንቋው ሲነጋገሩ ሰነበቱ። ከዚያም ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ፤ አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው ሰጠመና ባሕር በላቸው።

ሉዶልፍ ግን አልረሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1678 ፍራንክፈርት ገብቶ ተቀመጠ፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጣ፤ መነኩሴው ከሞቱ በ40 ዓመታቸው መሆኑ ነው። በ1701 የዳዊትን መዝሙር በግእዝና በላቲን አተመ፤ በ1704 እዚያው ፍራንክፈርት ዐረፈ። እንግዲህ አስቡት፦ የአማርኛ ሰዋስው በፍራንክፈርት ሲታተም በከተማው ውስጥ «እማዬ» ብሎ የሚጠራ አንድ ልጅ አልነበረም። ፊደሉ ከልጆቹ ቀድሞ ደርሷል። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ሀ ሁ» የሚጽፉት ልጆች ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነገርኳቸው፤ አንዷ «ታዲያ ሰውየው ፈተና ነበረበት?» አለችኝ።

ወደ ነገራችን። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሰው አይበተንም፤ ከሥር ባለው አዳራሽ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ያ ከማይንትስ የመጣው ዳቦ ይቆረሳል፣ ሻይ ይፈላል፣ ወጡ ይሞቃል። እናቶች ብቻ ወጥ ቤት የሚቆሙበት ዘመን ነበር፤ አሁን አባቶች ድስት ያጥባሉ፤ ይህን ያመጡት ሰባኪዎች አይደሉም፣ ሰኞ ሌሊት ሥራ የሚገቡ ሚስቶች ናቸው። ልጆቹ የማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያ ይዘው ይዞራሉ፤ ለሽማግሌ ሲያፈስሱ ቀኝ ክርናቸውን በግራ እጃቸው ይደግፋሉ። አንዳንዱ ጀርመን ጎረቤት ሊያይ ይመጣና እጁን ሲያስታጥቡት ደንግጦ ይስቃል፣ ከዚያም ሦስተኛ እንጀራ ይቀበላል።

ልጆች የቤተ ክርስቲያን ባለቤት ናቸው የሚለው የእኔ ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ ነው። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ ሲወጣ፣ ሰበካ ጉባኤው በካህናት፣ በምእመናንና በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲቆም ተደነገገ። ወጣቱ የጉባኤው ሦስተኛ እግር ሆኗል ማለት ነው። ተፈጻሚነቱ ላይ ግን፣ እንግዲህ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስብሰባ ላይ ወጣቱ እጁን ያወጣል፣ ሽማግሌው «ቆይ፣ አንተ ገና ነህ» ይለዋል፣ ወጣቱም በሚቀጥለው ወር አይመጣም።

ያቺ እናት ትልቁን ልጅ ሁለቴ ትቀሰቅሰው ነበር አላልኳችሁም? ዐሥራ አራት ዓመት ሞላውና «አልሄድም» አለ። እሑድ ጠዋት የእግር ኳስ ግጥሚያ አለው፤ ግእዙ አይገባውም፣ አማርኛውም ቢሆን የቤት አማርኛ ነው፣ የሥጋ ወደሙ አማርኛ አይደለም። አባቱ ተቆጣ፣ እናቱ አለቀሰች፣ አያቱ ከደሴ በስልክ ገዘተች። ልጁም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ተቀመጠ።

ቄሱ ግን ሲሰሙ አልተቆጡም። በሚቀጥለው ሰንበት ጠሩትና ኮምፒውተሩን አሳዩት። ግድግዳው ላይ የቅዳሴው ጽሑፍ በግእዝ፣ በአማርኛና በጀርመንኛ ይበራ ነበር፤ የሚያገላብጠው ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሥራ ስላገኘ ሄዷል። «ልጄ፣ ይህን የምችል አይደለሁም፤ ስነካው ይጠፋብኛል፤ አንተ ያዝልኝ» አሉት። ልጁ ያዘው፤ ቀላል መስሎት።

የመጀመሪያው እሑድ ጉድ ሆነ። ዲያቆኑ ሌላ ሲል ግድግዳው ሌላ አለ፣ ሕዝቡ ሁለት ተከፍሎ ግማሹ ግድግዳውን ግማሹ ዲያቆኑን ተከተለ፣ አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው ሳቁ። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያም ምን አደረገ መሰላችሁ? ካህኑ የት ላይ ድምፁን እንደሚያነሣ፣ ሕዝቡ የት ላይ እንደሚቀበል፣ የት ላይ እንደሚሰገድ ካላወቀ ገጹን አይገለብጥም፤ ስለዚህ የቅዳሴውን ቅጂ በስልኩ ጫነና በዚያው በኤስ 8 ባቡር ላይ፣ በዚያው ማዳመጫ ያጠናው ጀመር። እናቱ ዘፈን የሚሰማ መስሏት ለሳምንታት ተቀይማ ከረመች። ሲገባው ደግሞ ጀርመንኛው ትርጉም ላይ ስሕተት አገኘ፣ አርሞም ለቄሱ አሳየ፤ እሳቸውም ጀርመንኛ ስለማይችሉ ለሚችል አስነበቡና ልክ ሆኖ ተገኘ። ግጥሚያውንም አልተወም፤ አሠልጣኙን ለምኖ ወደ ቅዳሜ ቡድን ተዛወረ። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል ብሎ ያሰበ ከቤቱ ሰው አልነበረም።

ቅዳሴያችን ዐሥራ አራት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የሐዋርያት አለ፣ የማርያም አለ፣ የጎርጎርዮስም አለ፤ አንዱ ከሌላው በርዝመት ይለያል። ስለዚህ ልጁ ቅዳሜ ማታ፣ ከግጥሚያ ሲመለስ፣ ጉልበቱ ላይ ጭቃ እንዳለ ስልክ ይደውላል።

«አባ፣ እንዴት አመሹ? ነገ የትኛው ነው?»

«ቅዳሴ ማርያም ነው፣ ልጄ።»

«እሱ ረጅም ነው፣ አባ። ጀርመኖቹ በአምስት ሰዓት ይገባሉ፤ ምንጣፉን ማጠፊያ ጊዜ የለንም።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ሩብ ሰዓት ቀደም ብለን እንጀምራለን።»

«ከሀናው የሚመጡት በዚያ ሰዓት ባቡር የላቸውም» አለ ልጁ፤ «እኔ አይቼዋለሁ። ይልቅ ምንጣፉን እነዚያ ጫማ የሚደረድሩት ያጥፉት፤ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ይችላሉ። እኔ አሳያቸዋለሁ።»